የጋሽ ታደሰን ቮልስ አትሽጣት

ይድረስ ለወንድሜ ለሰሎሞን፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ማን ቀድሞ እንደጠፋ አልመረምርም። አንተም በኑሮ ሩጫ፣ እኔም በኑሮ ሩጫ፣ መሃል ላይ ዓመታት ነጎዱ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ናፍቆት ብቻ ነው ብልህ ግን ውሸት ነው። ጉዳይ አለኝ። ጉዳዩ የአባትህ ቮልስ ነው።

ሰሞኑን እህትህ ሰናይት ደወለችልኝ። ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ልታስጨምር ነው፤ ቮልሷ የቆመችበት ቦታ ያስፈልጋታል። አንድ ደላላ መጥቶ "የቤንዚን መኪና ዘመኑ አልፏል፣ ቶሎ ሽጡ" ብሏታል። አንተም በስልክ "ምን ይሠራልናል፣ ይሸጥ" እንዳልካት ነገረችኝ። "እስኪ ልያትና ከዚያ ትወስናላችሁ" ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ጉለሌ ሄድኩ። ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ያን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ገፈፍኩት። ሰው ለመኪናው ደግ የሠራ እየመሰለው ነው የሚያለብሳት። ፕላስቲክ ዝናቡን ያስቀራል፤ ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት ግን መውጫ ያሳጣዋል። ላይ ላዩን ቀለሙ ደህና መስሎ ከታች ላሜራው የሚበላው በዚህ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ያው ነው።

ከዚያ የኋላ ወንበሩን አነሳሁ። የቮልስ ባትሪ እዚያ ሥር ነው የሚቀመጠው፣ በቀኝ በኩል። ጋሽ ታደሰ ካረፉ ወዲህ ማንም አላወጣውም። አሲዱ ፈሶ ወለሉን በልቶታል፤ እጄን ብሰድ በቀዳዳው የግቢውን አፈር ነካሁ። ይሄን ስትሰማ አትደንግጥ። ወለል ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ያልቃል። የሚያስፈራው በሁለቱም ጎን ከበሮቹ ሥር የሚሄደው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጣው ክፍት ቦይ ሲበሰብስ ነው። ቦዲው ከወለሉ ጋር በቡሎን የሚታሰረው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ከሄደ መኪናዋ መሃሏ ይሰምጣል፤ በሩም አልገጥምም ይላል። በካቻቢቴ ጫፍ ዙሪያውን እየወጋሁ ሄድኩ። የግራው ድንጋይ ነው። የቀኙ ከኋላ በኩል አንድ ክንድ ያህል ለስልሷል። በእድሜዋ ይሄ ትንሽ ነው።

ወንበሩ ሥር መሃል ለመሃል የሚሄደውን ጎባጣ ላሜራ ላምባ በነከርኩት ጨርቅ ጠረግኩት። የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ነው የተመታው። 116 ብሎ ይጀምራል። 11 የመኪናዋ ዓይነት ነው፤ ቀጥሎ ያለው 6 የሞዴሉ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1966። ፋብሪካው አዲሱን ሞዴል ነሐሴ ላይ ስለሚጀምር በእኛ ከ1957 መጨረሻ እስከ 1958 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራች ናት። ሰናይት ሊብሬውን ከመሳቢያ አወጣችልኝ፤ ቁጥሩ አንድ ነው። የኋላ ክዳኑ ላይ 1300 የሚለው ጽሑፍም አልወለቀም። ያ ሞተር መጀመሪያ የገባበት ዓመት ነው፣ 40 የፈረስ ጉልበት። የሞተሩ ቁጥር ከዳይናሞው ሥር ስለሆነ ዘይትና አቧራ ውጦታል። "ኤፍ" ብሎ ከጀመረ የራሷ ዓይነት ሞተር ነው፤ ሳጥበው እነግርሃለሁ።

አሁን "ታዲያ ብርቅ ናት ወይ?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። አይደለችም። ቮልስ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ገና በ2003 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እዚህም ቢሆን ያልነዳት ሰው የለም። ጃንሆይን እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ያወጧቸው በቮልስ ነበር። ብርቁ ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቷ ቮልስ ናት ቦዲዋ ከአንዷ፣ ሞተሯ ከሌላዋ፣ በሯ ከሶማሌ ተራ ያልሆነ? እኔ ራሴ የምነዳት 1200 በሮቿ የሁለት የተለያዩ ዓመታት ናቸው፤ የሚያውቅ ሰው መያዣውን አይቶ ይስቅብኛል። የአባትህ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው የነካት። ያ እጅ ደግሞ በየቦታው ይታያል።

የነዳጅ መርገጫውን አስታወስከው? ጎማው ሲያልቅ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በቢላ ቆርጠው በሁለት ምስማር መትተውበታል። አሁንም አለ፤ ጫፉ በጫማቸው ልክ ተበልቷል። ከፊት ለፊቱ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የተጠቀለሉ ካንዴላዎችና አንድ ያልተነካ ቺንጋ አገኘሁ። ጋሽ ታደሰ ትርፍ ቺንጋ ሳይዙ ከከተማ ወጥተው አያውቁም። አንተ "ምን ይፈራሉ!" ትላቸው ነበር። አንድ ቺንጋ ነው ዳይናሞውንም ማቀዝቀዣውንም የሚያዞረው። ይህች ሞተር ውሃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ብቻ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቀዩ መብራት ይበራል፤ ያኔ ወዲያው ካልቆምክ አለቀልህ። አምቦ ስንሄድ ሆለታ ጋ የሆነውን አስታውስ። እኛን ባሕር ዛፍ ሥር አስቀምጠው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ በ21 ቁልፍ ፈተው ቀየሩት። እኛ ያመጣነውን ዳቦ እንኳ በልተን ሳንጨርስ "ግቡ" አሉን።

ስለዚህ ሶል፣ ስለ እድሳት የምልህ አለኝ። አሁን ከተማው ውስጥ አንድ ፋሽን መጥቷል። ቮልስ ትገዛለህ፣ ደማቅ ቀይ ትቀባታለህ፣ ወንበሩን ቆዳ ታለብሳለህ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ታደርግላታለህ፣ ከዚያ ለሠርግ ታከራያታለህ። ለባለቤቱ ገንዘብ ያመጣለታል፤ አልፈርድበትም። የጋሽ ታደሰን መኪና ግን እንደዚያ እንዲያደርጓት አልፈልግም። መሪው ሥር ከጎማው ምንጣፍ ጀርባ በእጅ ባትሪ አየሁት፤ የፋብሪካው ቀለም እዚያ አልተነካም፣ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ላይኛውን ነጭ እሳቸው ናቸው ያስቀቡት። እኔ ነጩ ይቆይ ባይ ነኝ። እሳቸው የመረጡትን ቀለም ጀርመን አገር ያለ ፋብሪካ ከመረጠው በላይ አከብራለሁ። የበሰበሰው ወለል ይቀየር፤ የነዳጅ መርገጫው ግን እንዳለ ይቀመጥ።

ደህንነትን የሚነካው ነገር ላይ ግን ምንም ትዝታ አላውቅም። ፍሬኗ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ቆሞ የሁሉንም ጎማዎች ትንንሽ የፍሬን ፓምፖች ከውስጥ አዝጓቸዋል። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹም አንድ ሳይቀሩ ይጣላሉ። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። ቱቦው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑ ትኩስ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የሞተሩ ቀፎ ደግሞ ማግኒዚየም ስላለበት አንዴ ከተያያዘ ውሃ አያጠፋውም፣ ያባብሰዋል እንጂ።

መካኒኬ "ወደ 12 ቮልት እንቀይራት፣ በ6 ቮልት መብራቷ አያሳይም" ይለኛል። አልተስማማሁም። የ6 ቮልት መብራት የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ስላረጀና ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ስለዛገ ነው። እሱን ቧጥጠህ ወፍራም ሽቦ ስትጎትትለት ይበቃታል። ደግሞስ ማታ ማን ሊነዳት? ካርቡሬተሯንም ለአዲስ አበባ እናስተካክለዋለን። እዚህ ከፍታችን ላይ አየሩ ሳስቶ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። የውጭ አገሩን ልክ እንዳለ ከተዉት ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በትንሽ ቁጥር ጠበብ ስታደርገው ትፈነጥዛለች። ጋሽ ታደሰ ሳይሠሩት አይቀሩም፤ ስከፍተው እናያለን።

ሰው የማያውቀው ግን ከመጠገኑ ማስቀመጡ እንደሚብስ ነው። እኔ ለቡ ግቢዬ ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ሲሚንቶ የተደረገበት፣ በሁለት በኩል ነፋስ የሚያሳልፍ መጠለያ አለኝ። የእኔዋ ቮልስ አንድ ጎን ይዛለች፤ ሌላው ጎን ላይ የተበታተነች ሴይቼንቶ አለች። አዎ፣ ያቺ የድሮዋ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ፊያት። ሞተሯ ሳሎን፣ ካምቢዮዋ ኮሪደር፣ ባለቤቴ ዝምታ ላይ። እሷን ወደ ጥግ ገፍቼ ለአባትህ መኪና ቦታ አገኛለሁ።

ስትገባ የምናደርገው ይሄ ነው። ባትሪው ይወጣል። ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይቀዳል፤ እንደ ሙጫ ሆኖ ካርቡሬተሩን ሳይደፍነው አይቀርም። ካንዴላዎቹን አውጥቼ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት አንጠባጥባለሁ፤ ቆይቼ ሞተሩን በቁልፍ በእጄ አዞረዋለሁ። ከተዞረ እልል በል። የእጅ ፍሬን አይያዝም፣ ይጣበቃል፤ ጎማው ሥር እንጨት ይደረጋል። ማርሚታው አፍ ላይ ጨርቅ ይወተፋል። ወንበሮቹ ውስጥ ያለው የኮኮናት ጭረት ነው፤ አይጥ ደግሞ ለልጆቿ ከዚያ የተሻለ አልጋ አታገኝም፣ የኋላው ወንበር ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ። እኛ ጋ ድመት አለች። ከላይ አቡጀዲ ይለብሳታል፤ አቡጀዲ ያስተነፍሳል።

ሰናይት አንዳንዴ ጎረቤት እየለመነች ልታስነሳት ታስብ እንደነበር ነገረችኝ። እንኳን አላደረገችው። ቁማ ለአምስት ደቂቃ መነሳት አይጠቅማትም። ሞተሩ በደንብ ሳይግል ስለሚጠፋ ዘይቱ ውስጥና ማርሚታው ውስጥ ውሃ ይቀራል። ወይ አውጥተህ ደብረ ዘይት ድረስ ንዳት፣ ወይ ተዋት ትተኛ።

ደላላው ያለው አንድ እውነት አለ። ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። የሚያስቀው፣ ቦሌ መንገድ ላይ ስትቆም ድምፅ ሳያሰማ የሚያልፍህ መኪና አንዳንዴ ራሱ ቮልስዋገን ነው፤ አይዲ 4 ይሉታል፣ ከቻይና ነው የሚመጣው። አንዱ ወጣት ጎረቤቴ አይዲ 4 አለው፤ እሁድ እሁድ ግን የእኔን ቮልስ ካላስነሳሁ አይለቀኝም። እኔ ታዲያ ከክልከላው የምረዳው የደላላውን ተቃራኒ ነው። ከእንግዲህ አትገባም። ያለችው ያለችው ናት። ዛሬ በርካሽ ሊወስዳት የፈለገውም ይሄ ጠፍቶት እንዳይመስልህ።

እንግዲህ የምፈልግብህን ልንገርህ። አንደኛ፣ ሰናይት ውርሱ በሁለታችሁም ስም ስለሆነ ብቻዬን ምንም ማድረግ አልችልም ብላለች። ኤምባሲ ሄደህ ውክልና ላክላት፤ ቦሎና ኢንሹራንሱን በዚያ ነው የምንጨርሰው። መኪናዋ የእናንተው ናት፤ እኔ ጠባቂ ነኝ። የብየዳውንና የላሜራውን ወጪ ዋጋ አስነግሬ እልክልሃለሁ፤ ሳትስማማ አልጀምርም።

ሁለተኛ፣ እናንተ አገር የቮልስ ዕቃ እንደ ጉድ ነው የሚሸጠው። ሰው ሲመጣ በሻንጣው የሚገባውን ብቻ ላክልኝ፦ የአራቱም ጎማ ትንንሽ የፍሬን ፓምፖች፣ የፍሬንና የቤንዚን ጎማ ቱቦ፣ የበርና የመስታወት ዙሪያ ጎማ፣ የ6 ቮልት አምፖሎች። ስታዝ የ1966 1300 መሆኗን ንገራቸው፤ የ6 ቮልት መሆኗንም አጥብቀህ ንገራቸው፣ አለዚያ ሌላ ያቀብሉሃል። ላሜራ እንዳትልክ፤ ሻንጣ ይበላል፣ እዚህም የሚቀጠቅጥልኝ ጎበዝ አለ። ሶማሌ ተራ የማገኘውን እኔ አገኘዋለሁ።

ለደላላው ሰናይት "ወንድሜን ልጠይቅ" ብላ መልሳዋለች። ግንበኞቹ ከፋሲካ በኋላ ይገባሉ፤ ከዚያ በፊት ጎታች መኪና ይዤ መሄድ ይኖርብኛል። ስለዚህ መልስህን እንደ ደብዳቤያችን አታቆየው። ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ በእኛ ሰዓት ብትደውል ታገኘኛለህ።

ባለቤቴ ሰላምታ ታቀርብልሃለች። እናንተ ቤት ሳሎን ውስጥ ሞተር አለ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ መልሱን ለባለቤትህ ትተህ እለፍ።

ያንተው፣
መኮንን