ዕድሜው የገፋና ዓይን አፋር የሆነ ውሻ ከመጠለያ ስለ መውሰድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ልጆች ውሻ እንዲመጣላቸው ወላጆቻቸውን መወትወታቸው የተለመደ ሆኗል። ወላጆች እሺ ሲሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ቡችላ ነው፤ በእንስሳት መጠለያው ጥግ ተሸጉጦ፣ ሰው በቀረበ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረውን የ8 ወይም የ10 ዓመት ውሻ ግን አልፈውት ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ውሻ ወስጄ አብሬው የምኖር በመሆኔ ሌሎችም እንዲወስዱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሆኖም ቤታችንና ልማዳችን አስቀድመው ካልተዘጋጁ ለውሻውም ለቤተሰቡም ሥቃይ ይሆናል።

የዓይን አፋርነቱ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ክፋት አይደለም። ባለቤቱ የሞተበት ወይም የተወው፣ ቀኑን ሙሉ በማያባራ የውሾች ጩኸት መካከል የከረመ እንስሳ መፍራቱ አያስደንቅም። በየመጠለያው እንደ መመሪያ የሚነገረው፣ ውሻው ከድንጋጤው ለመረጋጋት 3 ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ 3 ሳምንት፣ ቤቱ የራሱ መሆኑን ለማመን ደግሞ 3 ወር ያስፈልገዋል የሚል ነው፤ ለፈሪ ውሻ ግን ከዚህም ሊረዝም ይችላል። በዚህ ጊዜ ጭንቅላቱን ለመዳበስ ከላይ እጅ መዘርጋትም ሆነ ዓይን ዓይኑን ማየት አይገባም። ጎን ሰጥቶ ወለል ላይ ቁጭ ማለትና ራሱ መጥቶ እስኪያሸት መጠበቅ ይሻላል። የእኔው ውሻ መጀመሪያ ላይ ሰው እያየው እህል አይቀምስም ነበር፤ ሳህኑን አስቀምጬ ከክፍሉ ስወጣ ብቻ ይበላ ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእኛ ቤት እንግዳ የማይጠፋበት መሆኑ ነው። ቡና ሲቆላ ጭሱ የማስጠንቀቂያውን ደወል ያስጮኸዋል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ እንግዳ ሲሸኝም በሩ ላይ ቆሞ መሰነባበቱ ስለሚረዝም በሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል። የደነገጠ ውሻ የሚያመልጠው በዚህች ቅጽበት ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ በሩ የሚዘጋ፣ መኝታውና ውኃው የተዘጋጀለት አንድ ጸጥተኛ ክፍል ሊኖረው ይገባል፤ ወደ ውጭ ሲወጣም ከአንገት ማሰሪያ ይልቅ በቀላሉ የማይወልቅ፣ ደረቱን ዙሪያውን የሚይዝ ማሰሪያ ይሻለዋል።

ስለ ምግቡም እንዲሁ። አያቶች በፍቅር ተነሣሥተው ወጥ ያለበትን እንጀራ እንዳያጎርሱት ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል፤ ዘቢብ ኩላሊቱን ሊያበላሽ፣ የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰነጣጥቆ አንጀቱን ሊወጋ ይችላል። ውሻ ከቤት ውስጥ መግባቱን በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይወዱ ታላላቆች አብረው የሚኖሩ ከሆነም፣ ፈቃዳቸው መጠየቅ ያለበት ውሻው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ወጪውን በሚመለከት፣ ያረጀ ውሻ ጥርሱን፣ መገጣጠሚያውንና ኩላሊቱን የሚያይለት ሐኪም ስለሚያስፈልገው በዓመት 2 ጊዜ ምርመራ ይመከራል። ተከራዮች የቤት ውላቸውን አስቀድመው ያንብቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሕግ ግዴታ ነው። ለክረምት ወደ አገር ቤት የምንሄድ ሰዎች ውሻውን ማን እንደሚይዝልን አስቀድመን መወሰን አለብን፤ ይዘነው እንሂድ ብንል እንኳ፣ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ደንብ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋባቸው አገሮች ስለሚቆጥራት፣ ለመመለሻው የሚያስፈልገውን የክትባት ማረጋገጫ ከመነሣታችን በፊት ማሟላት ይኖርብናል።

ዝግጅት ክፍሉ አማርኛ ተናጋሪ የእንስሳት ሐኪም አፈላልጎ፣ ስለ ክትባትና ለውሻ ስለማይሰጡ ምግቦች በየጊዜው የሚያስረዳ አንድ ዓምድ እንዲከፍት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እንግሊዝኛ የማያነቡ፣ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከውሻው ጋር ቤት የሚውሉ እናቶችና አባቶች በየቤታችን አሉና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ