የሪራን ጅረቶችም አንዴ ጻፉልን

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ስለ ባሌ ተራሮች ፓርክ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን እንደተለመደው ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ላይ ተጀምሮ እዛው ላይ አለቀ። እኔ በጎባ ዶሎ መና መንገድ ቱሪስት አመላላሽ ሹፌር ነኝ፣ የሰነቴን አምባ ጨርሰን አስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ስንገባ ሪራ የምትባለው መንደር አካባቢ ትናንሽ ጅረቶች አሉ፣ እዛ የምትኖር አንዲት ሚጢጢ እንቁራሪት አለች፣ ከባሌ ውጪ የትም አገር የለችም።

ሳይንሳዊ ስሟ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ነው (ኤሪካ ራሱ የአስታ ሳይንሳዊ ስም ነው)። ላርገን የሚባል ተመራማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ነው ለሳይንስ ያስተዋወቃት፣ ቅርብ እህት የምትባል ዝርያ እንኳን የላትም። መጀመሪያ የተገኘችበት ሀረና ጫካ ውስጥ ካቻ የሚባለው ቦታ ነበር፣ በኋላ ተመራማሪዎች ተመላልሰው ቢፈልጓት እዛ አጧት፣ ሪራ አቅራቢያ ፉቴ የሚባል ቦታ ላይ ግን አገኟት።

እኔ ያየኋት ማታ ነው፣ የጫንኳቸው ሰዎች በባትሪ እያበሩ የጅረቱን ዳር ሳር ገለጥ ሲያደርጉ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብትበልጥ ትንሽ ነው። ዘንድሮ እዛው ቦታ ቆሜ ሳይ ሳሩ ተግጦ አልቋል፣ ዳሩ ሁሉ የከብት ኮቴ ነው፣ እያንዳንዱ ኮቴ ውስጥ ደፍራሽ ውሃ ቆሟል፣ ጥላ ሆኖላት የነበረው ቅጠል የለም ፀሀዩ ቀጥታ ውሃው ላይ ነው። እንቁራሪት ደግሞ በቆዳዋም ጭምር ነው የምትተነፍሰው፣ ቀዝቃዛና ንፁህ ውሃ ካጣች የት ትሂድ?

ከብት አርቢውን እየወቀስኩ አይደለም፣ ከብት ውሃ መጠጣት አለበት። ግን ከጅረቱ በቱቦ ተስቦ ራቅ ብሎ ገንዳ ቢሰራ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ሳር ትንሽ ቢከለል፣ ይሄ ከባድ ነገር ነው? በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብልን ሁላችንም ጨፍረናል። እኛም ሹፌርና አስጎብኚዎች ጥፋት አለብን፣ የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ ባሌ ውስጥ ተገኝቷል እየተባለ በአንድ ቦቲ ከጅረት ጅረት እንዞራለን፣ እኔ አሁን ቦቲዬን አጥቤ ሳላደርቅ ሌላ ጅረት አልገባም።

ጋዜጠኛ ከላካችሁ ከጎባ እኔ ራሴ ተቀብዬ እወስደዋለሁ፣ ባትሪና የዝናብ ልብስ ይዞ ይምጣ፣ ማታ ነው የምንወጣው።

አንባቢያችሁ፣ ከጎባ