ትንንሽ ኤሊዎችን ስለማንሸጥበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር በርካታ ወላጆች ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው የዓሣና የቤት እንስሳት መደብራችን እየመጡ፣ ልጆቻቸው የለመኗቸውን መዳፍ የማትሞላ ኤሊ ስለምን እንደማንሸጥ ይጠይቁናል። መልሱ ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ስላልሆነ ይህን ጽፈናል።

ምክንያቱ ሳልሞኔላ የሚባለው፣ ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው። ኤሊ፣ እንሽላሊትና እባብ ይህን ባክቴሪያ በአንጀታቸው ተሸክመው ያለ አንዳች የሕመም ምልክት መኖር ይችላሉ፤ ከዐይነ ምድራቸው ጋር ሲወጣም ቆዳቸውን፣ ማደሪያቸውን፣ በተለይም ኤሊዋ የምትዋኝበትን ውሃ ይበክላል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ይይዙታል፤ ትንንሾቹን የባሰ አስጊ የሚያደርጋቸው ሕፃን ልጅ እንደ መጫወቻ አንስቶ የሚስማቸው፣ አንዳንዴም አፉ ውስጥ የሚከታቸው መሆኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች (10 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ በ1975 እ.ኤ.አ. የከለከለው ስለዚሁ ነው። ለትምህርትና ለምርምር የሚውሉት ከእገዳው ውጪ ቢሆኑም፣ ለልጅ መጫወቻ የምትገዛ ኤሊ በዚያ ሰበብ አታልፍም።

አንዳንዶቻችሁ ኤሊዋን አስመርምረን ከባክቴሪያው ነፃ ናት የሚል ወረቀት እንድንሰጣችሁ ጠይቃችኋል። ብንችል ደስ ባለን፤ መቼም ለነጋዴ ገዢን መመለስ አይቀለውም። ነገር ግን እንስሳው ባክቴሪያውን የሚያወጣው አልፎ አልፎ በመሆኑ የዛሬ ምርመራ ለነገ ዋስትና አይሆንም። በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ማጽዳትም አስተማማኝ አይደለም፤ እንዲያውም መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ሊያስከትል ይችላል።

ቀድሞውኑ እንዲህ ያለ እንስሳ ያላችሁ፣ ገንዳውን በወጥ ቤት መታጠቢያ ፈጽሞ አትጠቡ። እኛ በእጃችን የምንበላና የምንጎራረስ ሰዎች ስለሆንን፣ እንስሳውን ወይም ውሃውን የነካ ሁሉ ወዲያው በሳሙና መታጠቡ ከማንም ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል። ከ5 ዓመት በታች ሕፃን፣ ከ65 በላይ አዛውንት ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት እንስሳው ባይኖር ይመረጣል። ለማስረከብ ብትሹ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት፤ ተቀባይ መጠለያ በመፈለግ እናግዛችኋለን።

ባክቴሪያው ወደ ሰው ሰውነት ከገባ በኋላ፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፤ ብዙዎችም በሳምንት ውስጥ ይድናሉ። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ ወይም የታመመው ሕፃን ከሆነ ግን ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ቤታችሁ ኤሊ እንዳለም ሳትጠየቁ ንገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የመደብሩ ባለቤቶች