እርዳታው ከውሃው በፊት ይምጣልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት በገባ ቁጥር ጋዜጣችሁ ላይ አንድ ዓይነት ዜና ይወጣል። ጣና ዙሪያ ጎርፍ ገባ፣ ይህን ያህል አባወራ ተፈናቀለ፣ ይህን ያህል ኩንታል እህል ተላከ። ዜናው ውሸት አይደለም። ግን ሁሌ አንድ ነገር ይጎድለዋል። እህሉ በየትኛው ወር ደረሰ? እኔ ፎገራ ወረዳ ውስጥ በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁንም ወረታ ነው ያለሁት። ስለዚያ ወር ልጻፍላችሁ።

አገሩን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ነው የሚነሱት። ጉና ላይ ዳገቱ ሳይቀር ታርሷል። ወንዞቹ ያንን አፈር ተሸክመው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክማል፤ ደለሉን እዚያው ያራግፉታል። ከዓመት ዓመት የወንዙ ሆድ ይሞላል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጣና ራሱ ከፍ ብሎ የወንዙን አፍ ይይዘዋል። ከላይ የመጣው ውሃ ከታች መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን ይፈሳል። ናበጋ፣ ሺና፣ ዋገጠራና ሌሎች የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የሚዋጡት እንዲህ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ወዳጅ ሁሉ «ታዲያ ለምን አይነሱም?» ይለኛል። ያስቀኛል። ሜዳውን ያበለጸገው እኮ ያው ደለል ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ ገብቶ የተመቸው መሬቱ ውሃ ስለሚይዝ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የወጣው እዚሁ ረግረግ ውስጥ ነው። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ልክ ያለው ሙላት ለእኛ ሲሳይ ነው። ጣጣው የሚመጣው ውሃው ቡቃያውን ከነአናቱ ሸፍኖ ሲሰነብት ነው። ሩዝ ውሃ ይችላል፤ ደለል ተጭኖት ሲቀበር ግን አይችልም። ውሃው ሲሄድ ማሳው ግራጫ ጭቃ ብቻ ይሆናል። ጭቃው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ በስንጥቁ ውስጥ የበሰበሰው ሩዝ ይታያል። ይሸታልም።

የ1998ቱን ክረምት ብዙ ሰው ያስታውሳል። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት መታ፤ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ነሐሴ ላይ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ 364 ሰው ወሰደ። በዚያው ሰሞን ፎገራና ደምቢያ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። የእኛ የሞት ቁጥር ከእነሱ ጋር የሚወዳደር አልነበረምና የመንግሥትም የውጭ ድርጅቶችም ዓይን ወደዚያ ዞረ። አይፈረድም። ግን እኛ ዘንድ ጎርፍ ሰው የሚጎዳው በዕለቱ አይደለም። ውሃው ከገባ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

ከዚያ ወዲህ በነበረ አንድ ክረምት ያየሁትን ልንገራችሁ። እርዳታ ሰጪውን ስም አልጠራም፤ ሌላውም ቢሆን ያው ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሸራና ጀሪካን ነው። እግዜር ይስጣቸው፣ እሱ ፈጥኖ ደረሰ። ቀጥሎ ትንሽ ስንዴ መጣ፤ ያልተፈጨ። ወፍጮ ቤቱ ውሃ ገብቶት ሞተሩ ጭቃ ጠጥቷል። እሺ፣ ንፍሮ ይቀቀል ተባለ። በምን? ኩበቱ ረጥቧል፣ እንጨቱ ረጥቧል። ሰው የተጠለለው ትምህርት ቤት ውስጥ ስለነበር ሴቶቹ የተሰበረ ዴስክ ማንደድ ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ መጥቶ ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ መጥረቢያ ይዞ ተመለሰ።

ዋናው ስንዴ የደረሰው ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር ማለት ሙላቱ ያልነካው ገበሬ ሩዙን የሚያጭድበት፣ ገበያው ላይ እህል ረከስ የሚልበት ወር ነው። የከፋው ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነበር፤ አልፏል። ያን ጊዜ ሰው ምን አደረገ? ላሙን ሸጠ። ሁሉም አንድ ሰሞን ስለሚሸጥ ከብት ይረክሳል፣ ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከላሚቱ ዋጋ ግማሹ ለቀለብ፣ ግማሹ ለጓያ ዘር ወጣ። ለዘሩ ያልተረፈው ደግሞ እርጥቡን መሬት እያየ ጦሙን አሳደረው። ያ መሬት ያን ዓመት ቢዘራ ኖሮ ባለቤቱ ከዚያ ወዲያ የማንንም ስንዴ አይጠብቅም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ዝርዝሩም ሌላ ጉድ ነው። የተጎጂ ስም የሚወጣው ከቀበሌ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ባለ መሬቱ ነው። ክልሉ መሬት ያከፋፈለው በ1989 ነው። ከዚያ ወዲህ ጎጆ የወጣ ወጣት በእኩል (ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር ተካፍሎ) ወይም በኪራይ ነው የሚያርሰው። ሩዙ ሲበሰብስ የከሰረው እሱ፣ ስሙ የተጠራው ግን ወረታ ከተማ ቤት ሠርቶ የሚኖረው አከራይ። ይህን የሚያስተካክል ሰው ለማግኘት ቢሮ ለቢሮ ዞሬያለሁ። ሁሉም «ልክ ነህ» ይላል። አለቀ።

ለከብትስ? በሥራ ዘመኔ ለጎርፍ ተጎጂ ከብት ድርቆሽ ይዞ የመጣ ድርጅት አላየሁም። ሰው ልጁንና ጥጃውን ታንኳ ላይ ጭኖ ወደ ከፍታ ይወጣል። እዚያ ግጦሽ የለም። ሳር ፍለጋ ተመልሶ ውሃ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ከዚያ «ኅብረተሰቡ ማስጠንቀቂያ አይሰማም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፍበታል።

ስለ ማስጠንቀቂያ ካነሳን፣ ትንበያ የለም ማለት አይቻልም። ሚቲዎሮሎጂ የክረምቱን አዝማሚያ አስቀድሞ ይናገራል። በናይል ተፋሰስ አገሮች የተቋቋመው፣ ኤንትሮ የሚባለው ቢሮም አዲስ አበባ ተቀምጦ የጣናን ዙሪያ ጎርፍ ይተነብያል። ወሬው የሚሞተው መንገድ ላይ ነው። ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ በሸኚ ደብዳቤ። አንድ ጊዜ ደብዳቤው እጄ ሲገባ ውሃው ሜዳውን ከያዘ ሰንብቶ ነበር። «ለቅድመ ጥንቃቄ ይረዳችሁ ዘንድ» ይላል። ከታች ማኅተም አለው።

እንግዲህ የምለው ነገር አንድ ነው። ለጎርፍ የተመደበ ገንዘብ፣ የመንግሥትም ይሁን የውጭ፣ ሰኔ ላይ ይለቀቅ። ሕልም አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 ባንግላዴሽ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ 5.2 ሚሊዮን ዶላር የለቀቀው በትንበያው ላይ ተመሥርቶ፣ ወንዙ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ነው። ሰው ብር በስልኩ ደረሰው፤ ምግቡን ገዛ፣ ከብቱን አሸሸ። እኛስ ቴሌብር አለን አይደል? ኔትወርክ ካለ ማለቴ ነው። ያውም ባንግላዴሾች ስንት ትልልቅ ወንዝ ነው የሚቆጣጠሩት፤ እኛ ጋ ርብና ጉማራ ናቸው፣ የሚመጡበትን ወር ሕፃን ልጅ ይነግራችኋል።

ወረቀቱም አለን። በ2005 የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ አደጋ እስኪደርስ አንጠብቅ፣ ቀድመን ስጋቱን እንቀንስ ይላል። በየወረዳው የስጋት ገጽታ ጥናት ተብሎ ስንት መጠይቅ ተሞልቷል። ጥሩ ፖሊሲ ነው፤ አንብቤዋለሁ። ግን ወረዳው ሰኔ ላይ በራሱ ፊርማ የሚያወጣው ገንዘብ ከሌለ ፖሊሲው መደርደሪያ ያሞቃል።

«ግድቡ አለ አይደለም ወይ» የሚሉኝም አሉ። የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የተሠራው ለመስኖ ነው። ከግድቡ በታች የሚገባውን ውሃ አያውቀውም። ጉማራ ደግሞ እንዲህ ያለ ግድብ የለውም። የወንዙን ዳር በአፈር መከተር ሰፈርን ያድን ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ውሃውን ወደ ጎረቤት ቀበሌ መግፋት ነው። በዚህ ሰው ሲጣላ አይቻለሁ።

የውጭውን እርዳታ በተመለከተ ጊዜው ተለውጧል። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። ያ ስንዴ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣ ነበር፤ ከእንግዲህ መዘግየቱም ሊናፍቀን ይችላል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ነሐሴ ላይ መኪና ከአዲስ አበባ ይነሳል ብሎ ማቀድ ቀልድ ነው። እህሉም፣ ዘሩም፣ ነዳጁም መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን ወረታ ገብቶ መቀመጥ አለበት። ውሃው ባይሞላስ? ዘሩ ለገበሬው ይሸጥ፣ ስንዴው ለሌላ ይተላለፍ። ማንም አይከስርም።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ዘጋቢያችሁን ነሐሴ ላይ ጀልባ ላይ ፎቶ እንዲያነሳ አትላኩብን። ግንቦት ላይ ላኩት። መጋዘኑን አስከፍቶ ይግባ፣ የጓያው ዘር ስንት ኩንታል እንደሆነ ይጠይቅ። ጀልባው ሞተር ይኑረው አይኑረው፣ ሞተሩም ሲጎተት ይነሳ እንደሆነ በዓይኑ ይይ። ዝርዝሩ ላይ በእኩል የሚያርሱት መግባታቸውን ያጣራ። ያገኘውን አትሙት። ባዶ መጋዘን ካገኘም አትሙት።

ጡረተኛው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ
ከወረታ