ልክ የምትለው ቃል

ወንድሜ፣

የእማማ አርባ ሲወጣ አልመጣሁም። አልደወልኩምም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ። ዛሬ ደግሞ ካንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው የሌለኝ ጉዳይ ገጠመኝ።

የካቶሊኩ የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ከ1256 እስከ 1259 ፓሪስ ላይ ስለ እውነት ያስተማረውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። (እዚህ የምጽፍልህ ዓመቱም ቀኑም በፈረንጆቹ ነው።) እውነት ምንድን ነው ሲል መልሱ አንዲት የላቲን ቃል ላይ ያርፋል፤ አዴኳሲዮ። የነገሩና የአእምሮ... ምን ልበለው? "መተካከል" አልኩ፤ አእምሮና ድንጋይ እኩያ ሆኑብኝ። "መስማማት" አልኩ፤ ሽምግልና መሰለ። "መመጣጠን" አልኩና እሱንም ሰረዝኩት። እንዲህ ስል ሦስት ሳምንት ሄደ።

ትናንት ማታ ልጄ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ መጣችና "አባዬ፣ ልክ ነኝ?" አለችኝ። ደርቄ ቀረሁ። ልክ! እውነት ለተናገረ ሰው "ልክ ነህ" እንላለን። ጫማው እግሩን ሲይዝለትም "ልኩ ነው" እንላለን።

ቶማስም የሚያወራው ስለ መለኪያ ነው እኮ። የተፈጥሮ ነገር በሁለት አእምሮ መካከል ቆሟል ይላል። የእግዚአብሔር አእምሮ የነገሩ መለኪያ ነው፤ እሱን የሚለካው የለም። ነገሩ ደግሞ በተራው ለእኛ አእምሮ መለኪያ ይሆናል። እኛ መለኪያ የምንሆነው እጃችን ለሠራው ብቻ ነው፤ አናጢው ለወንበሩ። ይህን ሁሉ "ልክ" አንድ ላይ ይይዘዋል። ለሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ደስ ብሎኝ።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። "ልክህን እወቅ" ስንል ልክ ወሰን ነው። ቸርነቱን ደግሞ "ልክ የለውም" እንላለን። ታዲያ አንባቢ ግራ ይጋባ ይሆን? ወይስ ይሄም ራሱ የቶማስ ሐሳብ ነው? አእምሯችን ድንጋዩን ልክ አድርጎ ሊያውቀው ይችላል፤ እግዚአብሔርን ግን አይችልም ይላልና። በታኅሣሥ 6 ቀን 1273 ኔፕልስ ላይ ቀድሶ ሲወጣ ብዕሩን አስቀመጠ። ጻፍ ቢሉት፣ ካየሁት አንጻር የጻፍኩት ሁሉ ገለባ ነው አለ። ትልቁ መጽሐፉ ሳያልቅ በመጋቢት 7 ቀን 1274 አረፈ።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ እማማ ትዝ አሉኝ። ካረፉ ወዲህ አራት ደብዳቤ ጀምሬልህ ቀድጃለሁ። እኔንም እንደ ልጃቸው ያበሉኝን ሴት፣ እንዴት ብዬ... አንዱም ልካቸው አልሆነም። ምክንያቴ ይሄው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ፤ ረቂቁንም ይዤ። የግዕዝ መዝገበ ቃላትህን አውርደህ ጠብቀኝ። ቃሉ ካልጣመህ ጣትህን አንሥተህ እንደ ልማድህ "ልክ አይደለህም!" በለኝ። ናፍቆኛል።

ወንድምህ