ካርኮቭን ቀይ የቀባችሁበት ካርታ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዩክሬን በቋንቋ መስመር ለሁለት ብትከፈል ሁሉም ይገላገላል የሚለውን ያለፈ እትማችሁን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ከጎኑ ላወጣችሁት ካርታ ስል ነው። ካርታው ላይ ከዲኒፐር ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው አገር በሙሉ ቀይ ነው፤ ከሥሩም «ሩሲያኛ ተናጋሪ» ይላል። ካርኮቭም ቀዩ ውስጥ ገብታለች። ዛሬ የምትጠራው ካርኪቭ ተብላ ነው። እኔ ግን ከ1983 እስከ 1989 ስማርባት ካርኮቭ ነበረች፤ አፌ አልመለስ ብሏል። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጸሐፊው ደም መፍሰሱ ይብቃ ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል። እኔም የምለው ይብቃ ነው። ያልተስማማሁት መስመሩን በማስመር ቀላልነታቸው ነው። ቋንቋ እዚያ አገር ወንዝ ተከትሎ የሚቆም ነገር አይደለም፤ አንድ ሰው አፍ ውስጥ እንኳ ሁለት ሆኖ ያድራል።

የማደሪያችን መግቢያ ላይ ቁልፍ የሚቀበሉ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም ባቡሽካ ነበር የምንላቸው። ከእኛ ጋር የሚነጋገሩት በሩሲያኛ ነው። ስልኩ ጮኾ ፖልታቫ ያሉት እህታቸው ሲሆኑ ግን ንግግራቸው በአንድ ጊዜ ይለወጥና ቆመን ብንሰማቸውም ግማሹ ያመልጠናል። 1984 ሊያልቅ ሲል፣ በረዶው ገብቶ፣ ከቤት ደብዳቤ መጣልኝ። በእኛ አቆጣጠር ሰባ ሰባት ነው፤ አንባቢ ዓመቱን ያውቀዋል። ደብዳቤውን ደረጃው ላይ ቆሜ ሳነብ ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉኝ። አገር ቤት እህል ጠፍቷል አልኳቸው። ግራ ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሆሎድ... እኔም በልጅነቴ አይቼዋለሁ» አሉኝ። ሩሲያኛዬ ገና እየዳኸ ነበር። በሩሲያኛ ኾሎድ ብርድ ነው። «ግድ የለም፣ ካፖርት ገዝቻለሁ፣ አይበርደኝም» ብዬ መለስኩላቸው። ምንም አላሉኝም። ጠረጴዛቸው ላይ የቀረውን የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፋቸው ሰብስበው አፋቸው ውስጥ ጨመሩት።

ሩሲያኛው ጎሎድ በዩክሬንኛ ሆሎድ እንደሚሆን፣ ትርጉሙም ረሃብ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በጎርባቾቭ ዘመን በ1932 እና በ33 ስላለቀው ሕዝብ በይፋ መነገር ሲጀምር ያቺ የደረጃ ላይ ወሬ ትዝ ብላኝ አፈርኩ። በስታሊን ዘመን እህሉ ከገበሬው እየተነጠቀ ሚሊዮኖች ያለቁበት ረሃብ ነው። ካርኮቭ ያን ጊዜ የሶቪየት ዩክሬን ዋና ከተማ ነበረች፤ ወደ ኪየቭ የተዛወረው በ1934 ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ባቡሽካን ከመስመሩ በየትኛው በኩል ሊያቆሙልን ነው? ለእኛ የሚናገሩበት አፋቸው ወዲያ፣ ለእህታቸው የሚናገሩበት ወዲህ?

የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ዩክሬንኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እናቱ ከቤልጎሮድ ናቸው፤ ሩሲያ ማለት ነው፣ ከካርኮቭ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ቅዳሜ በባቡር ሄዶ እሑድ ማታ ድንችና በማሰሮ የታሸገ ዱባ ተሸክሞ ይመለሳል፤ ፓስፖርት አውጣ የሚለው የለም። በመጋቢት 2022 ከሚስቱ ጋር ሜትሮ ጣቢያ ውስጥ፣ የቆመ ባቡር ወንበር ላይ ሲያድር በሩሲያኛ የጻፈልኝን አልረሳውም፦ «ሩሲያኛ ተናጋሪን ልናድን መጣን ይላሉ፤ እኔን ከማን?» ያን ወር የሩሲያ ሚሳይል ነፃነት አደባባይ ላይ ያለውን የክልሉን አስተዳደር ሕንፃ መትቶታል። በእኛ ጊዜ ድዠርዢንስኪ አደባባይ ነበር የሚባለው፤ የግንቦት አንድ ሰልፍ የወጣንበት ነው። የልጅ ልጁ ዛሬ የሚማረው ምድር ውስጥ፣ ሜትሮ ጣቢያ በተከፈተ ክፍል ነው።

ይኼ የአንድ ሰው ወሬ ነው ከተባልኩ ቁጥሩ ይኸው። በታኅሣሥ 1991 የዩክሬን ሕዝብ ነፃነቱን ትደግፋለህ ተብሎ ሲጠየቅ ከመቶ ከ90 በላይ የሆነው አዎ አለ። ምዕራቡ ብቻ አይደለም፤ ዶኔትስክና ሉሃንስክ ከ83 በመቶ በላይ፣ ካርኮቭ 86 በመቶ ገደማ። ክሪሚያ እንኳ፣ በጠባቡም ቢሆን፣ 54 በመቶ አዎ ብላለች። በ2019 በ73 በመቶ ድምፅ የተመረጡት ዘለንስኪም አፋቸውን የፈቱት በሩሲያኛ፣ በምሥራቅ ማዕከላዊዋ ክሪቪ ሪህ ነው።

ታዲያ አገሩ አልተከፋፈለም ነበር ወይ? ተከፋፍሏል እንጂ። ኪየቭን ጻድቅ ላደርጋት አልተነሳሁም። በየካቲት 2014 ፕሬዚዳንቱ ያኑኮቪች ሸሽተው በማግሥቱ ፓርላማው ለሩሲያኛ የክልል ደረጃ የሰጠውን ሕግ ለመሻር እጁን አወጣ። ተጠባባቂው ፕሬዚዳንት አልፈረሙበትም፣ ግን ወሬው ቀድሞ ዶንባስ፣ ማለትም ዶኔትስክና ሉሃንስክ፣ ደርሷል፤ የዚያን ዕለት የተሠራ ጅልነት ስንት ዓመት እንዳስከፈለ እነሱው ያውቁታል። በዚያው ዓመት ግንቦት 2 ቀን ኦዴሳ ውስጥ 48 ሰው ሞተ፤ አብዛኛው የሠራተኛ ማኅበራት ሕንፃ ውስጥ በእሳትና በጭስ የታፈነ የሩሲያ ወገን ሰልፈኛ ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2025 የዩክሬን ባለሥልጣናት አደጋውን ለመከላከልም ሆነ ለማጣራት የሚገባቸውን አላደረጉም ብሎ ፈርዶባቸዋል። ይኼ ሁሉ የቤት ጠብ ነው፤ መራራ የቤት ጠብ። ግን ባልና ሚስት ተጣሉ ተብሎ ጎረቤት አጥር ዘሎ ገብቶ ሳሎኑን በስሜ አዛውሩልኝ ሲል፣ ጸሐፊያችን ከሳሎኑ ጓዳውን ጨምሩለትና ይሂድ እያሉ ነው።

ጎረቤት ባይገባ ጠቡ ምን ይሆን እንደነበረ ደግሞ መገመት አያሻም፤ ካርኮቭ ታይቷል። በሚያዝያ 2014 የክልሉን ሕንፃ የያዙ ሰዎች «የካርኮቭ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» አወጁ። ሁለት ቀን አልሞላም፤ ፖሊስ ሕንፃውን አስለቀቀና ሪፐብሊኩ በዚያው ቀረ። በዚያው ሳምንት የዶኔትስክ ክልሏን ከተማ ስሎቭያንስክን የያዘው ታጣቂ ግን መሪው ኢጎር ጊርኪን ነበር፤ የሩሲያ ዜጋ፣ የቀድሞ የሩሲያ የደኅንነት መኮንን። በዓመቱ መጨረሻ ለሞስኮ ጋዜጣ ሲናገር የጦርነቱን ቃታ የሳብኩት እኔ ነኝ፣ የእኛ ቡድን ድንበር ባይሻገር ነገሩ እንደ ካርኮቭና እንደ ኦዴሳ ይበርድ ነበር አለ። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ወር፣ አንድ ቅሬታ፤ አንዱ ከተማ በሁለት ቀን በረደ፣ ሌላው ጋ ጦርነት ተነሳ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ጽሑፉ «ለቀሪው ዩክሬን በፊርማ ዋስትና መስጠት ነው» ብሎ በአንድ መስመር ያለፈው ይኼን ነው። ዩክሬን በፊርማ ዋስትና አግኝታ ታውቃለች። ታኅሣሥ 5 ቀን 1994 ቡዳፔስት ላይ ሩሲያ፣ አሜሪካና ብሪታንያ ፈርመውላታል። ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ምድሯ ላይ ወደ 1,900 የሚጠጋ ስትራቴጂካዊ የኑክሌር አረር ቀርቶ ነበር፤ በዓለም ሦስተኛው ክምችት። እሱን አስረክባ በምትኩ ድንበርሽ ይከበራል ተባለች። የሚገርመው የሰነዱ ቋንቋ ነው። በዩክሬንኛውና በሩሲያኛው ቅጂ የተጻፈው ቃል «ዋስትና» የሚል ነው። በእንግሊዝኛው ቅጂ ግን አሜሪካኖቹ ተጠንቅቀው የመረጡት ቃል ላላ ያለ ነው፤ «ማረጋገጫ» ብንለው ይቀርባል። ዋስ የሆነ ሰው ይከፍላል፤ አይዞህ ያለ ሰው ግን አይዞህ ብሎ ይሄዳል።

የውጫሌን አንቀጽ 17 ትምህርት ቤት ሸምድዶ ላደገ አንባቢ ይኼን ማስረዳት አያስፈልገኝም። በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው ግዴታ። አንድ ውል፣ ሁለት ቋንቋ፣ እና ልዩነቷን ቀድሞ የሚያውቃት ጠንካራው ወገን። ምኒልክ ውሉን ያፈረሱት በ1893 ነው፤ ተከትሎ የመጣውንም እናውቃለን። ዩክሬን ደግሞ ወረቀቷን ይዛ ሃያ ዓመት ከቆየች በኋላ በየካቲት 2014 መለያ ያልለጠፉ ወታደሮች የክሪሚያን ፓርላማ ያዙ፤ በመጋቢት 18 ክሪሚያ ወደ ሩሲያ ተጠቃለለች። ከዚያ የተኩስ አቁም ስምምነቶቹ መጡ፤ ሚንስክ አንድ፣ ሚንስክ ሁለት። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ጸሐፊው አራተኛውን ወረቀት ሲያቀርቡ የፊተኞቹ ሦስቱ ምን እንደሆኑ አንድ ቃል አለመተንፈሳቸው ከካርታው ይልቅ አበሳጭቶኛል።

ባለቤቱ በሌለበት አገር መቁረስስ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? በታኅሣሥ 1935 የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያን ቆራርሰው ነበር፤ ከትግራይና ከኦጋዴን ለሙሶሊኒ፣ ከደቡብ ሰፊ መሬት ለጣሊያን ሰፋሪ፣ ለእኛ ደግሞ ወደ አሰብ የምታስወጣ ቀጭን መንገድ። የለንደኑ ታይምስ የግመል መተላለፊያ ብሎ አላገጠባት። የእነሱም ምክንያት ሰላም ነበር፤ ከልባቸውም ሳይሆን አይቀርም። ዕቅዱ ጋዜጣ ላይ ሾልኮ ወጣና ሆር ሥልጣን ለቀቁ። ነሐሴ 15 ቀን 2025 አላስካ ላይ ትራምፕና ፑቲን ስለ ዩክሬን ሲነጋገሩ ዘለንስኪ እንዳልተጠሩ ስሰማ የመጣብኝ ያቺ የግመል መንገድ ናት።

በዚያ ዓመት ከተዘዋወሩት የሰላም ሐሳቦች መካከል ዩክሬን በእጇ ካለው ከቀሪው የዶኔትስክ ምድር ትውጣ የሚል አለበት። ስሎቭያንስክና ክራማቶርስክ ማለት ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 2022 ክራማቶርስክ ባቡር ጣቢያ ሚሳይል ወድቆ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል፤ ባቡር ጠባቂዎቹ ከጦርነቱ ሊሸሹ ሻንጣቸው ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ከተሞችም የሚናገሩት ባመዛኙ ሩሲያኛ ነው። መስመሩ የቋንቋ ቢሆን ኖሮ ባለቋንቋዎቹ የሚሸሹት ወደ ምሥራቅ በሆነ ነበር። ሞስኮም ብትሆን በቋንቋ መስመር አትቆምም። በመስከረም 2022 አራት ክልሎችን የእኔ ናቸው ብላ ስታውጅ ዛፖሪዥያ ከተማን ጦሯ ጭራሽ አልያዘም ነበር፤ ከኼርሶን ከተማም በስድስት ሳምንቱ ለቅቆ ወጣ። ለአንድ ቀን እንኳ ያልያዘችውን ከተማ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ የጻፈች አገር ጸሐፊያችን ያሰመሩላትን መስመር ለምን ታከብራለች?

ቆጵሮስንም ጠቅሰዋል፤ ተከፍላ ሰላም አገኘች ብለው። በ1974 የቱርክ ጦር ከገባ ወዲህ ከደሴቲቱ ከሲሶ በላይ የሆነው ምድር ተቆርጦ ቀርቷል፤ ኒቆስያን የሚከፍለውን መስመር ዛሬም የሚጠብቁት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ናቸው። መተኳሱ ቆሟል፤ እሱ እውነት ነው፤ ለዚህም ዋጋ እሰጣለሁ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ቤቱን ከሽቦ ማዶ እያየ የሞተውን ሰው ግን ሰላም አገኘ አልለውም።

ስለ ራሳችን መንግሥት አንድ ነገር ብዬ ላቁም። በመጋቢት 2014 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የክሪሚያን ሕዝበ ውሳኔ ዋጋ ሲያሳጣ 100 አገሮች ደገፉ፣ 11 ተቃወሙ፣ እኛ ከ58ቱ ድምፅ ተአቅቦ አድራጊዎች ጋር ነበርን። በመጋቢት 2022፣ 141 አገሮች ወረራውን ሲያወግዙ ደግሞ ጭራሹን ድምፅ አልሰጠንም። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር፤ ከምዕራቡም ጋር ተኳርፈናል፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም አፍሪካ ከቅኝ ገዢ የወረሰችውን ድንበር እያመማትም ቢሆን መቀበሏን ወረራው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው በጸጥታው ምክር ቤት ያስረዱት የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ ሲሆኑ፣ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው አገር ሰው ያንን ንግግር ባደረገው ብዬ ቀንቻለሁ። በነሐሴ 2022 ብሬቭ ኮማንደር የምትባለው መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ጭና ጂቡቲ ስትደርስ እህሉ የመጣው ለእኛ ነበር። ያን ዜና ሳነብ ባቡሽካ ፍርፋሪውን የሰበሰቡበት መዳፋቸው ታየኝ።

ለማንኛውም ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ካርኮቭ ከተማ በዚህ ጦርነት አንድም ቀን በሩሲያ እጅ ወድቃ አታውቅም፤ ካርታው ይታረም። ገጹን በስልኬ አንስቼ ለጓደኛዬ ልኬለት ነበር። መልሱ የመጣው በማግሥቱ ነው፤ መብራት ጠፍቶባቸው አድሯል። አማርኛውን ማንበብ ስለማይችል፣ ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው እትም ማረሚያ ካወጣችሁ እሱኑ አንስቼ ልልክለት መልሱን አቆይቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የካርኮቭ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ