ለክትባት ስትመጣ እናቲቱንም ጠይቋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ እናቶች ጤና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ደም መፍሰስና ስለ ደም ግፊት በደንብ ተብራርቷል። ስለ አእምሮዋ ግን አንድ መስመር አላገኘሁም።

የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ትምህርት ቤት፣ ከተማሪዎች ጋር ነው። ወደ እናቶች ያመጣኝ የራሴ አራስ ቤት ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ2006 ዓ.ም. ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። እናቴ የገንፎውን መሃል ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ ትሞላልኛለች። እኔ ቅቤው እስኪረጋ አየዋለሁ እንጂ አልነካውም። ልጁ ይተኛል፣ እኔ አልተኛም። መተንፈሱን ለማወቅ ጣቴን አፍንጫው ሥር አድርጌ ይነጋል። «ሌላ እናት ብታገኝ ይሻልህ ነበር» እለዋለሁ በሆዴ። ይሄ ለማን ይነገራል? እናቴ «አራስ ብቻዋን አትተውም» ብላ ትራሴ ሥር ቢላ አስቀምጣ፣ እግሬ ሥር ትተኛ ነበር። ስላልተወችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

በ45ኛው ቀን ለክትባት ሄድን። ልጁ ተመዘነ፣ ተወጋ፣ ካርዱ ላይ ተጻፈለት። ነርሷ ደግ ሴት ነበረች፤ ጡት በደንብ ይጠባ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አንቺስ?» ብትለኝ እዚያው አለቅስ ነበር።

የጠየቀችኝ ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ አንዲት ባልደረባዬ ናት። እጄን ይዛ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ታከምኩ፣ ዳንኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳቤ ሁሉ አራሶች ጋ ሆነ። ተጨማሪ ሥልጠና ወስጄ ከእነሱ ጋር መሥራት ጀመርኩ።

«ድባቴ ይዞኛል» ብላ የምትመጣ እናት እምብዛም አላጋጠመችኝም። «ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ውስጤን ያቃጥለኛል» ነው የሚሉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ የብዙ ሴት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 100 እናቶች 20 የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም ያጋጥማቸዋል፤ በብዛት ድባቴ ነው። ይድናል። እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የኤደንብራ መጠይቅ የሚባል፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን የድባቴ ምልክት ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ፣ 10 ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አለ። ክትባት ወረፋ ላይ እያለች ተጠይቃ ይጨረሳል። ማንበብ ለማትችል ይነበብላት፤ ባሏና አማቷ ግን አጠገቧ አይሁኑ። መልሷም ከልጁ ክብደት ጎን ይመዝገብ፣ የሚያሳስብ ከሆነ ዕለቱን ወደ ባለሙያ ትላክ።

አሥረኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። ከባድ ስለሆነ ጠያቂው ሊያልፈው ይቃጣዋል። እባካችሁ፣ እሱ አይዘለል።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ